ቁስለኛው የሚያርፍበት ቤት



ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው ሰው ቅዱስ ሉቃስ የጻፈውን ምሳሌ ያልሰማ ክርስቲያን አይገኝም። ካህኑ አይቶ ማለፉን፥ ሌዋዊውም እንደዚሁ ማለፉን፥ ሳምራዊው ግን ራርቶ ቁስሉን በዘይትና በወይን ማከሙን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ሰባክያንም፥ እኛም ጭምር፥ ብዙውን ጊዜ ንግግራችንን የምንጨርሰው ሳምራዊው ቁስለኛውን በአህያው ላይ በጫነበት ስፍራ ነው። ታሪኩ ግን በዚያ አያልቅም። አህያው የደረሰበት አንድ ቤት አለ፤ በቤቱም ውስጥ ስሙ ያልተነገረ አንድ ሰው አለ። ሳምራዊው አንድ ሌሊት አድሮ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ቁስለኛው በሌሊት ሲቃትት የሚነቃው፥ ጨርቁን የሚለውጠው፥ ምግቡን የሚያቀርበው፥ ገንዘቡ ሲያልቅም ባለዕዳው እስኪመለስ ድረስ ከራሱ አውጥቶ እንዲጨምር የተለመነው ያ የእንግዶች ማደሪያ ጠባቂ ነው።

አባቶች ይህን ቤት በቤተ ክርስቲያን፥ ጠባቂውን በመምህራንና በካህናት፥ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ መስለው ይተረጕሙታል። ትርጓሜው የከበረ ነው። ነገር ግን ምሥጢሩን ስናደንቅ ቤቱን ራሱን እንዳንረሳው እንሰጋለን። ግድግዳና ጣሪያ፥ አልጋና ምድጃ፥ የወጪም መዝገብ ያለው ቤት ከሌለ ቁስለኛው የት ያድራል? ዛሬ የምንነጋገረው እንግዲህ ስለዚሁ ቤት ነው፤ ይኸውም ሕይወታቸው የተናጋባቸው ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጠው የሚጠገኑበት ክርስቲያናዊ መጠጊያ እንዴት ሊሠራ እንደሚገባው ነው።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናንጠለጥለው አንድ ስፍራ እንያዝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመልካ ቁንጡሬና በጢያ አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መንገድ በጉራጌ ምድር፥ በሶዶ፥ ቡኢ የምትባለውን ከተማ ያቋርጣል። አገሩ የክስታኔ አገር ነው፤ ክስታኔ የሚለውም ስም ክርስቲያን ከሚለው ቃል የወጣ መሆኑ ይነገራል። በዚሁ በሶዶ ውስጥ በጻድቁ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም የከበረው የምድረ ከብድ ገዳም ይገኛል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን በዓላቸው ሲከበር ምእመናን ከየአገሩ ወደዚያ ይጓዛሉ። ከአንበሶችና ከነብሮች ጋራ የኖሩት፥ በውኃ ጥም ሊሞት የደረሰውን ወፍ ከዓይናቸው እንባ ያጠጡት ጻድቅ ገድላቸው በሚነበብበት አገር ስለ መጠጊያ ቤት መናገር እንግዳ ነገር አይሆንም።

ወደ ገዳም ከሚጓዙት ውስጥ ስእለቱን አድርሶ፥ በረከት ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ብዙ ነው። የሚመለስበት ቤት የሌለው ግን አለ። በእንጦጦ ማርያምም ሆነ በሸንኮራ ዮሐንስ፥ በሌሎቹም የፀበል ቦታዎች ይህን እናያለን። ለሁለት ሱባዔ ብሎ የመጣው ሰው ሱባዔው ካለቀ በኋላ ወራት ይቀመጣል። ለምን ቢሉ፥ በሽታው ስላልለቀቀው ብቻ አይደለም። አንዱ እስራቱን ፈጽሞ ወጥቶ መንደሩ ሊያየው አልወደደም። ሌላው በአረቄ ምክንያት ትዳሩን በትኖአል። አንዲቱ በዐረብ አገር ሠርታ ባዶ እጅዋን፥ ልቡናዋም ቆስሎ ተመልሳለች፤ ገንዘብ ይጠብቁ የነበሩትን ዘመዶችዋን ፊት ማየት ታፍራለች። ሌላዪቱ ከሚመታት ባል ሸሽታ ሕፃን አዝላ ወጥታለች። እነዚህ ሁሉ በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር በአንድነት ተቀምጠው ስናያቸው ሁሉንም ነዳያን ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። አንድ ዐይነት ምጽዋት ሰጥተናቸውም እናልፋለን።

ስለ ሱስ ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 የሚበልጡ አዋቂዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ግማሽ ያህሉ ጫት የሚቅሙ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ከዚህ ልማድ ሊወጣ የወሰነ ወጣት በጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚያገኘው ጫት ሻጩን፥ ቀጥሎም የትላንት ጓደኞቹን ነው። ተው ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ትቶ የሚቀመጥበትን ስፍራ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የአእምሮ ሕሙማን ጉዳይ ነው። በዚሁ በሶዶ ወረዳ ተመራማሪዎች ከቤተ ሰቦች ጋራ ተነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ ሕመም የተያዙትን ሰዎች ዘመዶቻቸው በሰንሰለትና በገመድ ስለሚያስሩበት ምክንያት አስረድተዋል። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ጨካኝ እናትና ጨካኝ አባት አያገኝበትም። የሚያገኘው ልጁ እንዳይጠፋ፥ እንዳይገደል ወይም ጎረቤት እንዳይጐዳ የፈራ፥ ወደ ሕክምና ለመውሰድም ሌላ ዘዴ ያጣ ቤተ ሰብ ነው። እርሻው ይጠብቀዋል፤ ሕመምተኛውን ቀኑን ሙሉ የሚጠብቅለት ሰው የለም፤ ስለዚህ ያስራል፤ አስሮም ያለቅሳል። እንዲህ ባለው ቤት ደጃፍ ቆሞ ስለ ርኅራኄ መስበክ ምን ይጠቅማል? ደጁን አንኳኩቶ ዛሬ እኔ እጠብቀዋለሁና አንተ ወደ እርሻህ ሂድ የሚል ሰው ነው የታጣው።

እንዲህ ያለ ደጅ አንኳኪ በዚያው አገር ተሞክሮ ፍሬ ማስገኘቱ ሊነገር ይገባዋል። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የአእምሮ ሕክምና በሶዶ ጤና ጣቢያዎች እንዲሰጥ ተደርጎአል። ቀጥሎም በሶዶና በአካባቢው 166 ሕሙማን የተካተቱበት ሥራ ተካሄደ። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ፥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሠለጠኑ ሰዎች ወደ ቤታቸው እየሄዱ ቤተ ሰቡን አስተማሩ፤ ሕመምተኛውን ወደ ሥራ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፥ ወደ ጎረቤት ቡና እንዲመለስ ረዱት። ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ሕክምናም ጠያቂም ያገኙት በዓመቱ ሲመዘኑ ራሳቸውን ችለው ለመኖር የተሻሉ ሆነው መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሞአል።

ይህን የምንናገረው የመጠጊያ ቤቱን አሳብ ለማፍረስ አይደለም፤ ልኩን ለማወቅ ነው እንጂ። ቤት ያለው፥ ወገን ያለው ሰው በቤቱ ሳለ ሊረዳ የሚችል ከሆነ ከቤቱ አውጥቶ ወደ መጠጊያ መውሰድ በደል ነው። መጠጊያው ቤት ለሌለው ነው፤ ወይም ቤቱ ራሱ ቁስሉ ለሆነበት ሰው ነው። ስለዚህ ትልቅ ሕንፃ ከማሰብ በፊት ማን ሊገባበት እንደሚገባ መለየት ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት ለቡኢ ዐሥራ ሁለት አልጋና አምስት ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰዎች ከሁለት መቶ አልጋ ይበልጣሉ።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ልክ አስቀድመው አሳይተውናል። በመጽሐፈ ኢያሱ 20ኛው ምዕራፍ ስለ ተነገሩት ስድስት የመማፀኛ ከተሞች አስቡ፤ ሦስቱ በዮርዳኖስ ወዲህ፥ ሦስቱ በዮርዳኖስ ማዶ ነበሩ። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ወደዚያ ሲሸሽ ዝም ብሎ አይገባም፤ በከተማው በር ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች ይናገራል። እነርሱም ተቀብለው በመካከላቸው የሚቀመጥበትን ስፍራ ይሰጡታል፤ ለሚያሳድደውም አሳልፈው አይሰጡትም። የሊቀ ካህናቱ ዕረፍት ሲሆን ደግሞ ወደ ወጣበት ከተማ ይመለሳል። እንግዲህ በር አለ፤ በበሩም የሚሰሙ ሽማግሌዎች አሉ፤ በውስጥ ስፍራ አለ፤ የመመለሻም ቀን አለ። ብዙዎች መጠጊያ ቤት ሲሠሩ ሁለተኛውን ብቻ ይዘው የቀሩትን ይረሳሉ።

በአገራችንም የመማፀን ሥርዓት የቆየ ነው። በጎንደር ዘመን የእጨጌው ሰፈር፥ እጨጌ ቤት የሚባለው፥ የሚሳደድ ሰው የሚጠጋበት ስፍራ ነበረ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሮጠን ሰው ከዚያ ጎትቶ ማውጣት ነውርም ኃጢአትም ሆኖ ይቆጠር ነበር። የመጠጋት ነገር ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ገዳማውያን አባቶች ደግሞ ሰውን እንዴት እንደሚያኖሩ አስተምረውናል። አባ ጳኩሚስ ገና አረማዊ ወጣት ሳሉ በግድ ለውትድርና ተይዘው በተዘጉበት ከተማ፥ የማያውቋቸው ሰዎች ለምርኮኞቹ ወታደሮች ምግብ ይዘው መጡ። እነማን ናቸው ብለው ቢጠይቁ ክርስቲያኖች ናቸው ተባሉ። በ4ኛው መቶ ዓመት በላይኛው ግብፅ ያቆሙት የአንድነት ኑሮ ከዚያች እንጀራ የበቀለ ነው ብንል አንሳሳትም። በሥርዓታቸው አዲስ የመጣው ሰው በበሩ ዘንድ ቀናት ቆይቶ ጸሎት እየተማረ ይታያል፤ ከገባም በኋላ አለቃ ባለው ቤት፥ በሚሠራው ሥራ ተመድቦ ይኖራል። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስም፥ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ከደረሰው ከብርቱ ረኃብ በኋላ፥ ከከተማው ውጭ ለእንግዶች፥ ለድኾች፥ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ቤቶችን ሠራ፤ ሐኪሞችንና የእጅ ሥራ አዋቂዎችንም በዚያ አኖረ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ያን ስፍራ እንደ አዲስ ከተማ ቈጥሮ አመስግኖታል። ይህ ሁሉ ጸሎትና መድኃኒት፥ መዶሻና ምድጃ በአንድ ቅጥር ውስጥ ያለ ጠብ የኖሩበት ምስክር ነው።

ሰኔ 24 ቀን ስለምናስበው ስለ ሙሴ ጸሊምም ጥቂት መናገር አለብን፤ ምክንያቱም ወደ መጠጊያ ከሚመጣው ሰው ሁሉ ይልቅ እርሱ አስፈሪ ነበረ። ወንበዴ ነበረ፤ ነፍሰ ገዳይም ነበረ። ወደ አስቄጥስ በመጣ ጊዜ አባ ኤስድሮስ ተቀበለው። ከገባ በኋላ ግን ወዲያው መልአክ አልሆነም፤ የቀድሞው ልማድ ሌሊት ሌሊት ይጣላው ነበር፤ ተስፋ ቈርጦም ወደ አባቱ ደጋግሞ ይመጣ ነበር። አባ ኤስድሮስ በጎሕ ወደ ሰገነት አውጥቶ ብርሃኑ ጨለማውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት እንደሚያባርረው እንዳሳየው ይተረካል። በመጠጊያ ቤት የሚያገለግል ሰው ይህን ጎሕ ካላወቀ በሦስተኛው ወር ይሰለቻል። የተቀበለውም ሰው ሲወድቅ ያየ እንደ ሆነ ደከምንበት እኮ ብሎ ይቈጣል። ድካሙ ግን ለመታየት እንዳልነበረ ማን በነገረው!

በዘመናችን ደግሞ በዓይን ያየናቸው አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ በሄዱ ጊዜ በወሎ በረኃብ የተጐዱትን አይተው፥ በሞተች እናትዋ አጠገብ የነበረች ሕፃን ሳይተዉ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕፃናቱ 21 ደረሱ። የቅርብ ሰዎቻቸው ሥራቸውን እንደ እብደት ቈጠሩት፤ እሳቸው ግን ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን አሳደጉ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ከዚህ ሥራ አልተለዩም። ቢንያም በለጠም በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዞአል። መቄዶንያ የቤተ ክርስቲያን ንብረት አይደለም፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም እጅ ያለበት ነው። ሁለቱም የጀመሩት በቤት ውስጥ ነው፤ ሕንፃው የመጣው ሰዎቹ ከገቡ በኋላ ነው። በዚህ ላይ በጣም እናተኩራለን። ገንዘብ አሰባስቦ መሠረት ጥሎ፥ ግድግዳው ለዓመታት ክረምት ሲወርድበት የሚኖር ጅምር ሕንፃ በየቅጥሩ ሞልቶአልና።

ወጪው ግን አይናቅ። ዐሥራ ሁለት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቢመገብ በዓመት 13,140 ማዕድ ይሆናል። ጾሙ ይቀንሰዋል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን መድኃኒት የሚወስደው ሕመምተኛ የሚጾመው በንስሐ አባቱና በሐኪሙ ምክር ነውና በጾም ቀን ምድጃው ይጠፋል ብላችሁ አትቁጠሩ። ይህን የሚሸከመው ማን ነው? የሶዶና የቀረው የጉራጌ ምድር ተወላጅ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከሌላው ይቀድማል። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የአገሩ ልጆች ማኅበር አቋቁመው፥ ከአዲስ አበባ ገበያ ካገኙት ላይ እያዋጡ፥ አገራቸውን ከዋና ከተማው የሚያገናኝ መንገድ ለማሠራት ደክመዋል። ዕቁብና ዕድር ያለው ሕዝብ በወር በወር የሚሰጥ ጥቂት ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ዕድሩ ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ይተክላል፥ እንጀራ ይጋግራል፤ ከዚያ መዋጮ ላይ ጥቂቱ ሰውየው ሳይሞት ቢሰጠው ደንቡ የሚከለክል አይመስለንም።

ስለ ቤቱ ሥርዓት ብዙ መናገር ይቻላል፤ እኛ ግን አብዝተን የምንፈራውን እንናገር። የቤቱ ቁልፍና የቤቱ ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ አይሁን፤ ያ ሰው ባሕታዊ ቢሆንም አይሁን። የሴቶች መኖሪያ ከወንዶች የተለየ፥ ጠባቂዎቹም ሴቶች ይሁኑ፤ ከባልዋ ሸሽታ የመጣችውም ያለችበት ቦታ ለማንም አይነገር። በዚህ ረገድ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያካበተው ልምድ ሊጠየቅ ይገባዋል። በደጃፉ ሰንሰለት አይግባ። ፀበል የተጠመቀ መድኃኒቱን አይተው፤ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ ማስተማራቸው ለሌላውም በሽታ መንገድ ይከፍታል። ነፍስ አባት በንስሐ የሰማው በቤቱ መዝገብ አይጻፍም፤ ነርሷ የጻፈችውም ለጉባኤ አይነበብም።

ሌላም አለ። በአሁኑ ጊዜ ቁራሽ እንጀራ ሲሰጥ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ልማድ ሆኖአል። ያቺ ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ፊትዋ ገንዘብ ለመሰብሰቢያ በየሰው እጅ ሲዞር ነገ በቡኢ ገበያ እንዴት ትቆማለች? ግራ እጅ ቀኝ የምትሠራውን እንዳታውቅ ታዘናል፤ ዛሬ ግን ግራዪቱ ካሜራ ይዛለች።

የሚገባው ሰው ሃይማኖትም ይጠየቅ ይሆን? ሶዶና ቡታጅራ ክርስቲያንና እስላም ተጎራብተው የሚኖሩበት አገር ነው። ቤቱ ክርስቲያናዊ ይባላል፤ በጠዋት ጸሎት ይደረጋል፥ በማዕድ ላይ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። ነገር ግን አልጋው የጸሎት ዋጋ አይደለም። ሳምራዊው በመንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ከየት ወገን ነህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ቢጠይቀውም መልስ የሚሰጥበት አፍ አልነበረውም።

የወደቀው ሰው ዳግመኛ ቢወድቅ ምን ይደረግ? በዚህ ነገር ላይ የሚያገለግሉ ሰዎች አይስማሙም፤ እኛም በመካከላችን አልተስማማንም። አንዳንዱ አረቄ ጠጥቶ የመጣ በዚያው ሌሊት ይውጣ ይላል። በእኛ በኩል ግን ሰክሮ መምጣትና አረቄውን ይዞ ገብቶ ሌላውን ማጠጣት አንድ አይደሉም እንላለን። የመጀመሪያው ታሞአል፤ ነገ ከነርሷና ከነፍስ አባቱ ጋራ ይነጋገር። ሁለተኛው ሌሎችን አደጋ ላይ ጥሎአልና ለጊዜው ወደ ሌላ ስፍራ ይሂድ፤ ስሙ ግን ከመዝገብ አይሰረዝ። ሙሴ ጸሊም በወደቀ ወንድም ላይ እንዲፈርድ ወደ ጉባኤ በተጠራ ጊዜ አሸዋ የሚፈስስበት ቀዳዳ ቅርጫት በጀርባው ተሸክሞ መምጣቱን እናስታውሳለን።

የመመለሻው ቀን የሚዘጋጀው በመግቢያው ቀን ነው። ከገባበት ሳምንት ጀምሮ ወገኑ ይፈለግ፤ ጠብ ካለ ሽማግሌ ይላክ፤ የክስታኔ ሕዝብ በጎርደና ሸንጎው ነገር አይቶ የማስታረቅ ልማድ አለውና ካህኑና የአገር ሽማግሌው በአንድነት ይሂዱ። ሰውየውም መጀመሪያ ለአንድ ቀን፥ ቀጥሎ ለበዓል፥ በኋላም ለወር ወደ ቤቱ ሄዶ ይሞክረው፤ ባይሆንለት ይመለስ። ሥራውን በቤቱ ሳለ ይማር፤ ልብስ ስፌት ወይም ንብ ማነብ ሊሆን ይችላል፤ በጓሮም እንሰት ይተከል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ዘንድሮ የገባው ሰው የሚበላው ቆጮ ከእርሱ በፊት የነበሩት የተከሉት ነው፤ እርሱ የተከለውንም እሱ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን በሚያሳድግበት ጊዜ ከበሩ የሚቆም ሌላ ሰው ይበላዋል።